የባለእጁ ልጅ፣ የሕፃናት መምህርት፦ ዘቢደር ይስማው (1952–2018 ዓ.ም.)

እናታችን መምህርት ዘቢደር ይስማው ከአባታቸው ከአቶ ይስማው እንዳላማው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ድረስ፣ ዛሬ ስናን ወረዳ በሚባለው አካባቢ፣ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለ መንደር ታኅሣሥ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ገብርኤል ስለነበር የክርስትና ስማቸው ወለተ ገብርኤል ተባለ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ናቸው።

አባታቸው ባለእጅ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ይቀጠቅጡ ነበር፤ እናታቸው ደግሞ ገንቦና ድስት ይሠሩ ነበር። የአካባቢው ገበሬ የሚያርሰው በእሳቸው ማረሻ ነው። ነገር ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲሄድ ከቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ አልነበረም። ልጅ ሲታመምም «የባለእጅ ዓይን በላው» ይባል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በለቅሶ ላይ መነበቡ እንደማይለመድ እናውቃለን። እናታችን ግን ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ እኛን ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ የአባታቸው ሙያ እንዳይድበሰበስ አጥብቀው አዘዋል። «ነጋዴ ነበሩ ብላችሁ ብትጽፉ አልቀበላችሁም» ነው ያሉት። እኛም እንዳዘዙን አደረግን።

በሕፃንነታቸው የሚውሉት ከአባታቸው ጎጆ፣ ከወናፉ አጠገብ ነበር። ጥቁሩ ብረት ለምን ይቀላል? ከቀላ በኋላስ ለምን ቢጫ ይሆናል? ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚጮኸው ብረቱ ነው ወይስ ውኃው? ጥያቄው ሲበዛባቸው አቶ ይስማው ሥራቸውን ሳያቋርጡ «እኔን አትጠይቂኝ፤ አይተሽ ንገሪኝ» ይሏቸው ነበር። አያታችን ይህን ያሉት ለመገላገል ሳይሆን አይቀርም። እናታችን ግን የምር አድርገው ያዙት። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ጧት፣ ብረቱ ቢጫ እስኪሆን ግሎ ውኃ የገባ ማጭድ ቶሎ እንደሚሰበር፣ ቀይ ሳለ የገባው ግን እንደማይሰበር ለአባታቸው ነገሯቸው። አቶ ይስማው ይህን ድሮም ያውቁታል። ያስደነቃቸው ማንም ሳይነግራት ልጅቱ በዓይኗ ማግኘቷ ነው። በዚያው ሳምንት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ኪዳን «ይህችስ ትማር» አሏቸው።

በ1960 ዓ.ም. ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት ገቡ። አብሯቸው የሚቀመጥ ልጅ ስላልነበረ አንድ አግዳሚ ወንበር ለብቻቸው ይዘው ተማሩ። በኋላ ዘመን ይህን ሲያነሡት ፊታቸው አይጠቁርም ነበር። ሰፊ ወንበር ስለነበራቸው መጻፊያ ቦታ እንዳልጠበባቸው ይናገሩና ይስቁ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተው ነው። ስንቃቸውን በእግሩ እየተጓዘ ያደርስላቸው የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ታረቀ ይስማው ነው። በ1971 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ፤ በማግስቱ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና ወስደው ተመረቁ። በ1973 ዓ.ም. ደብረ ኤልያስ ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆነው ተመደቡ።

በዚያ ዘመን የአንደኛ ክፍል ትምህርት ማለት መምህሩ የሚለውን በኅብረት መልሶ ማለት ነበር። እናታችንም የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያው አስተማሩ፤ አልወደዱትም። በሁለተኛው ዓመት ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት አገኙና ክፍል ይዘውት ገቡ። ስለ ማግኔት አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሚስማር፣ አዝራር፣ ጠጠር፣ የባቄላ ፍሬና ቢጫዋን አምስት ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የትኛው እንደሚሳብና የትኛው እንደማይሳብ ልጆቹ አስቀድመው እንዲገምቱ አደረጉ። ከዚያም ተራ በተራ እየመጡ በእጃቸው ሞከሩት። ሳንቲሟ አልሳብ ብላ ስትቀር ክፍሉ በክርክር ተናወጠ። እንደ ሚስማሩ የምታብረቀርቅ ስለሆነች ብረት መስላቸው ነበርና። በማግስቱ ልጆቹ ራሳቸው ከወንዝ አሸዋ ይዘው መጡ። ማግኔቱን ሲያስጠጉት ከአሸዋው መሀል ጥቁር ጥቁሩ እየዘለለ ወጥቶ እንደ ጢም ተንጠለጠለበት። በዚያ ቀን ቤታቸው የገቡት ልጆች ሌላ ወሬ አላወሩም።

ወሬው ግን መንገድ ላይ መልኩን ለወጠ። የባለእጁ ልጅ ብረት የሚጠራ ነገር አላት ተባለ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ፣ ማግኔቱን ከሁሉ አብልጦ ይዞ የዋለው ይታያል የሚባል ተማሪ በትኩሳት ወደቀ። እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጄን መምህርቷ በዓይኗ በላችብኝ አሉ። ዱላ የያዙ ሰዎች ከትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሱ። ርእሰ መምህሩ ደንግጠው በኋላ በር እንዲወጡ መከሯቸው። እናታችን ግን በዋናው በር ወጡና ከሰዎቹ ፊት ፊት እየሄዱ ወደ ልጁ ቤት አመሩ።

ይታያል ከደጃፉ ቁርበት ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናታችን ግንባሩን ዳሰሱትና ልጁን ቶሎ ጤና ጣቢያ እናድርሰው አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጃቸውን እቅፍ አድርገው አላስነካም አሉ። በጊዜው እምነት የተጠረጠረው ሰው በታመመው ላይ እንትፍ ቢልበት ያቺው ዓይን ትለቀዋለች ይባል ነበር። እሳቸውም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

«አንቺው የያዝሽውን አንቺው ፍቺው። እንትፍ በይበት» አሏቸው።

ያን ዕለት እናታችን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። እሺ ማለት አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰደቡበት የኖሩትን ስድብ በገዛ አፍ መቀበል ነው። እምቢ ማለት ደግሞ ልጁን እዚያው ቁርበት ላይ ትቶ መሄድ ነው፤ ያውም የሚያስኬዷቸው ከሆነ። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ፀሐዩንም አዩ። ከዚያ ከአጥሩ አጠገብ አንዲት ድንጋይ አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«እሺ እታለም፣ እንትፍ እልበታለሁ። የአጥሩ ጥላ ይህችን ድንጋይ እስኪነካ ትኩሳቱ ከለቀቀው እኔ ነኝ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። ካለቀቀው ግን እኔ አይደለሁምና ልጁን ስጪኝ።»

የመጡት ሰዎች ነገሩ ፍርድ ነው ብለው ተስማሙ። እናታችን ተንበርክከው፣ ሁሉም እያየ፣ የተባሉትን አደረጉ። ከዚያም ከድንጋዩ ማዶ ተቀመጡ። ሰውም ዱላውን እየተደገፈ ጥላውን ይጠብቅ ጀመር። በኋላ ልጆች ሆነን ስለዚያች ሰዓት ስንጠይቃቸው በሕይወታቸው እንደዚያ ፈርተው እንደማያውቁ ነግረውናል። የልጁ በሽታ ምን እንደሆነ አላወቁም። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ አልቦት ቢተወው ኖሮ በገዛ ቃላቸው ይፈረድባቸው ነበር። ታዲያ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ተናገሩ ብለን ስንጠይቃቸው፣ በእኛ ላይም ሊፈርድብን የማይችል ሙከራ ሙከራ አይባልም ብለው መለሱልን።

ጥላው እየተሳበ መጥቶ ድንጋዩን ነካ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የልጃቸውን ግንባር ራሳቸው ዳሰሱ። እንደ እሳት ይፋጃል። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ተነሡና ልጁን በጀርባቸው አዝለው በነጠላቸው አሰሩት። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረው «መንገዱን ምሪኝ» አሏቸው። ሁለቱም ተከታትለው ጤና ጣቢያ ደረሱ። ልጁ ወባ ነበረበት። አባቱን ተከትሎ ለአጨዳ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ ገና ብዙ እንዳልቆየ ያን ጊዜ ታወሰ። መድኃኒት ተሰጠው፤ ዳነ። ዛሬ ደብረ ኤልያስ ውስጥ የልጆች አባት የሆነ ገበሬ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ይቅርታ አልጠየቁም። ነገር ግን ይታያል ወደ ትምህርቱ በተመለሰ ቀን አብረውት መጥተው ከክፍሉ በስተኋላ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም አልተነሡም። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ማግኔቱን አንድ ጊዜ በእጃቸው ለመያዝ ጠየቁ። እናታችን ሰጧቸው። መጀመሪያ ሚስማሩን፣ ቀጥሎ ሳንቲሟን፣ መጨረሻ ላይ የአንገታቸውን መስቀል ሞከሩበት። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ስለ እናታችን ዓይን የተናገረ ሰው አልተሰማም።

ከሁሉ የከበደው ግን አባታቸውን ማስረዳት ነበር። ለፋሲካ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሲሄዱ ነገሩ ከእሳቸው ቀድሞ ደርሶ ጠበቃቸው። አቶ ይስማው ሰላም አላሏቸውም።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ያልኩትን አንቺ ተንበርክከሽ አመንሽላቸው» አሏቸው።

እናታችንም «አባዬ፣ አላመንኩላቸውም። እንዲያዩት ነው ያደረግሁት። እምቢ ብል ልጁም ይሞት ነበር፣ እነሱም ሳያዩት ይቀሩ ነበር» ብለው መለሱ።

በዓሉ በዝምታ አለፈ። እናታችን ሳይታረቁ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግን ወንድማቸው ታረቀ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ደብረ ኤልያስ ደረሰ። አቶ ይስማው በገዛ እጃቸው የቀጠቀጡት፣ ለሕፃን እጅ የሚመጥን ሚዛን ነበር። ሁለቱ ሳህኖቹ የዘንባባ ቅጠል ያህል ስስ ናቸው፤ አንዲት የስንዴ ፍሬ ብትጣልበት ያጋድላል። መልእክት አልነበረውም። እናታችንም መልእክት አላስፈለጋቸውም።

ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ሁከት ስለ ሠጋ ከመጽሐፉ ውጭ ምንም ነገር ወደ ክፍል እንዳያስገቡ ከለከላቸው። እሳቸው ግን ልጆቹን ከክፍል ውጭ ዛፍ ሥር ማስተማር ጀመሩ፤ ወደ ክፍል ምንም አላስገቡም። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ በ1977 ዓ.ም. ወደ አማኑኤል ተዛወሩ።

አማኑኤል ላይ ከአናጺው ከአቶ ይሄይስ አስማማው ጋር ተዋወቁ። ትውውቃቸውም በሥራ ነው፤ ለተማሪዎች የአሸዋ ሣጥን ሊያሠሩ ሄደው ነበር። አባታችን ሣጥኑ ለምን እንደሚፈለግ ጠይቀው ሲነገራቸው፣ በማግስቱ ሣጥኑን ይዘው ራሳቸው ትምህርት ቤት መጡና ልጆቹ ሲጫወቱበት ቆመው አዩ። የጋብቻው ነገር ሲነሣ የአባታችን አባት አቶ አስማማው የባለእጅ ልጅ ከቤቴ አትገባም አሉ። አባታችንም «እኔም የእንጨት ባለእጅ ነኝ፤ እንግዲያው እኔም አልገባም» ብለው ወጡ። በጥር ወር 1979 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። አቶ አስማማው በሠርጉ ላይ አልተገኙም። በ1981 ዓ.ም. የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስትነሣ ግን ሳይጠሩ መጥተው፣ ከአቶ ይስማው ጋር ከአንድ መሶብ ቆርሰው በልተዋል። እናታችን ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ማን ምን እንዳለ አያስታውሱም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ማረሻ ሲከራከሩ መዋላቸውን ብቻ ያስታውሳሉ።

ከዚህ ጋብቻ ፍቅርአዲስ፣ ድረስና የኔዓለም የተባልን ሦስት ልጆች ተወልደናል። እኛን ያሳደጉበት ቤት ጠርሙስ፣ ላባ፣ የዘር ዓይነትና የተፈታ ሰዓት የማይጠፋበት ቤት ነበር። መልሱን የሚያውቁትን ነገር ስንጠይቃቸው እንኳ ቶሎ አይነግሩንም፤ በዚህም ብዙ ጊዜ አልቅሰናል። አሁን ሦስታችንም እናመሰግናቸዋለን።

በ1985 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወረ። እናታችን በክረምት ትምህርት ዲፕሎማቸውን ይዘው የታችኛው ክፍል ተማሪዎችን ማስተማር ቀጠሉ። የአካባቢ ሳይንስ የሚባለው ትምህርት በመጣ ጊዜ ከሁሉ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። ሕፃናቱ ተዘግቶባቸው የወንዝና የዛፍ ሥዕል እያዩ ሲማሩት ደግሞ ከሁሉ በላይ የተናደዱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ለቁጥጥር የመጡ ባለሙያ ክፍላቸውን ባዶ አገኙት። መምህርቷ የት ናቸው ብለው ሲጠይቁ ከወንዝ ዳር ናቸው ተባሉ። ሄደው ሲደርሱ ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው የጉንዳን ጉዞ ይከታተላሉ። መንገዳቸው ላይ በጣት ቢሰመርበት ጉንዳኖቹ ለምን እንደሚደናገሩ እየተከራከሩ ነበር። ባለሙያው ተቆጡ፤ ትምህርት በሰዓቱ በክፍል መሰጠት እንዳለበት ተናገሩ። እናታችን በትሕትና አዳመጧቸውና እሳቸውም የራሳቸውን መስመር በጣታቸው እንዲሞክሩ ጋበዟቸው። ባለሙያው አልሞከሩም፤ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። እናታችን ማስጠንቀቂያውን ተቀብለው ፈረሙ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ልጆቹን ይዘው ወጡ።

በ2004 ዓ.ም. በትምህርት ቤታቸው የዜሮ ክፍል ሲከፈት ማንም መምህር ሊይዘው አልፈለገም፤ ከደረጃ መውረድ ይመስል ነበር። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያላቸው እናታችን ተነሥተው እኔ እፈልገዋለሁ አሉ። የተሰጣቸው አሮጌ ዕቃ ቤት ነበር። አባታችን በሩን ጠገኑላቸው፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ አግዳሚዎችንም ሠሩላቸው። ልጆቹ ጭቃ ያቦኩበታል፣ ውኃ ይለኩበታል፣ ጥላቸውን በጠመኔ ይከብቡና ከሰዓታት በኋላ ጥላው የት እንደሄደ ይፈልጋሉ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ወላጆች ተሰብስበው ቅሬታ አሰሙ። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ፊደል ቆጥረው ጨርሰዋል፣ የእኛ ግን ልብሳቸውን አቆሽሸው ይመጣሉ አሉ። ከመካከላቸው እንዳላማው የሚባሉ የእህል ነጋዴ «እኔ ልጄን የላክሁት እንዲያውቅ ነው እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም» ብለው አምርረው ተናገሩ። ወላጆች በአንድ ቃል መምህርቷ ይቀየሩልን ወደ ማለት ደርሰው ነበር። እናታችን አልተከራከሩም። አንድ ጧት ብቻ ስጡኝ፣ ከዚያ በኋላ የወሰናችሁትን እቀበላለሁ አሉ።

በቀጠሮው ጧት ወላጆች መጥተው ከነዚያ ዝቅተኛ አግዳሚዎች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። እናታችን በውኃ የተሞላ ባልዲና ሁለት ብርቱካን አቀረቡ። አንደኛው ያልተላጠ ነው፤ ሁለተኛውን እዚያው ላጡት። የትኛው ይሰምጣል ብለው ጠየቁ። አቶ እንዳላማው ቅርፊቱ ክብደት ስለሚጨምር የሚሰምጠው ያልተላጠው ነው አሉ። ብዙው ሰው በዚሁ ተስማማ። ብርቱካኖቹ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ያልተላጠው ተንሳፈፈ፤ የተላጠው ሰመጠ። አቶ እንዳላማው ብርቱካኖቹ የተለያዩ ናቸው፣ ሌላ ይምጣ አሉ። ሌላ መጣ፤ እንደዚያው ሆነ። ቅርፊቱን ብቻውን ጣሉት፣ ተንሳፈፈ። ገሚሱን ልጠው ሞከሩ። አንዲት እናት ቅርፊቱን ጨምቃ ውስጡ ንፋስ እንዳለው ለሌሎቹ አሳየች። የሥራ ሰዓት አለፈ፤ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። አቶ እንዳላማው እጅጌያቸውን ሰብስበው ባልዲው ላይ አቀርቅረው ቀሩ። በዚህ ጊዜ እናታችን ተማሪዎቹ በግድግዳው ሥር ያስቀመጧቸውን ወረቀቶች ጠቆሟቸው። ልጆቹ ቀደም ብለው ያዩትን በገዛ ፊደላቸው፣ እየተጣመመም ቢሆን፣ «ሰመጠ» «ዋኘ» ብለው ጽፈውበታል። ወላጆች ያነበቡት የልጆቻቸውን የመጀመሪያ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ መምህርቷ ይቀየሩ ያለ የለም። በሚቀጥሉት ዓመታት ለዜሮ ክፍሉ ውኃ የሚቀዳበትን በርሜል የገዙት አቶ እንዳላማው ናቸው።

በ2009 ዓ.ም. አባታችን አቶ ይሄይስ አረፉ። እናታችን ኀዘናቸውን ሰው ፊት አላበዙም። ግን ለረጅም ጊዜ የአባታችንን የእንጨት ሥራ ቤት በር መክፈት አቅቷቸው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ በጡረታ ሲሰናበቱ ያንን በር ከፈቱትና ለሰፈር ልጆች የመሞከሪያ ቦታ አደረጉት።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ተዘግተው ሳለ፣ በሰኔ አንድ እሑድ ጧት ጨረቃ ፀሐይን ጋረደች። ከዋዜማው ጀምሮ ሰው ተሸብሮ ነበር። ገሚሱ ልጁን ቤት ቆለፈበት፤ ገሚሱ ልጆች ደግሞ በባዶ ዓይናቸው ወደ ሰማይ ሊያንጋጥጡ ተዘጋጁ። እናታችን የልጆቹ ዓይን ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። ጧት ወንፊታቸውን ይዘው ወደ መንገድ ወጡና ልጆቹን ተራርቀው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው እንዲቆሙ አደረጉ። ወንፊቱን ከፍ አድርገው ሲይዙት በእያንዳንዱ ቀዳዳ ያለፈው ብርሃን መሬቱ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ትንሽ ፀሐይ ሆኖ ተሳለ። መሬቱ በሙሉ በትናንሽ ፀሐዮች ተሞላ። ልጆቹ ፍርሃቱን ረስተው በመዳፋቸው ሊይዟቸው ይሯሯጡ ጀመር። ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ አረጋዊ ካህን ቆመው ካዩ በኋላ፣ የእናታችን ክንድ መድከሙን አይተው ወንፊቱን ተቀበሏቸው። ፀሐይ ሙሉ እስክትሆንም ይዘውላቸው ቆሙ።

በቅርብ ዓመታት የአካባቢው ሰላም ሲደፈርስና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እናታችን ግቢያቸውን አልዘጉም። መንገድ በተዘጋበት ቀን እንኳ የቅርብ ጎረቤት ልጆች በጓሮ አጥር ሾልከው ይመጡ ነበር። ከስናንና ከአማኑኤል የሚመጡ ወጣት የሕፃናት መምህራንም በዚያ ቤት ተምረዋል። ግቢውን ለጊዜው እንዲዘጉ የመከሯቸው ብዙዎች ነበሩ፤ እኛም ልጆቻቸው ፈርተን ለምነናቸዋል። የአምስት ዓመት ልጅ የዘንድሮ አምስት ዓመቱን ለከርሞ አያቆይልንም ብለው አሰናበቱን።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ድካም እንዳለባቸው ታወቀ። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ባለፈው ጥቅምት ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ልጆቹ ግን መምጣት አልተዉም። ካረፉበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የእናታችን ልብ ምን እንደሚል መስማት ትችል እንደሆነ አንዲት የአምስት ዓመት የጎረቤት ልጅ ጠየቀች። እኛ ልናስወጣት ስንል እናታችን ከለከሉን። ወረቀት ጠቅልላ እንድታመጣ አዘዟት። መጀመሪያ አብራት የመጣችውን የጓደኛዋን ልብ፣ ቀጥሎ የእሳቸውን እንድታዳምጥ ነገሯት። ልጅቱ ጆሮዋን በወረቀቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«የጓደኛዬ እኩል እኩል ይሄዳል። የእርስዎ ቆም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይሮጣል» አለቻቸው።

«ለምን ይመስልሻል?» አሏት።

ልጅቱ አሰበችና «አላውቅም» አለች።

«ጎሽ» አሏት እናታችን፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «እንግዲህ የማታውቂው ነገር አገኘሽ። አትልቀቂው።»

መምህርት ዘቢደር ይስማው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ብዙ ትውልድ ተማሪዎቻቸው በተሰበሰቡበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

እናታችን ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን አፍርተዋል። ወንድማቸው አቶ ታረቀ ይስማው በሕይወት ሆነው ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል። በጭንቁ ጊዜ ላስታመማችሁልን ጎረቤቶች፣ ላከሟቸው የሕክምና ባለሙያዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለደገፋችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ሕፃናቱን ከቀብሩ እንዳታስቀሩብን እንለምናለን፤ የሚጠይቁትም ነገር ካለ ይጠይቁ፣ እናታችን ቢኖሩ ዝም በሉ አይሏቸውም ነበር።

የፍጥረትን ድንቅ ለሕፃናት ሲያሳዩ የኖሩትን እናታችንን፣ ድንቁን የሠራው ጌታ ዛሬ እሱ ራሱ ያሳያቸው። ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያኑርልን፤ አሜን።

ስለ ቤተሰቡ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ፍቅርአዲስ ይሄይስ